የፎርሲንግ አክሲዮሞች ጥንካሬ በትልልቅ ካርዲናሎች ሲለካ፦ ዳሰሳ

የፎርሲንግ አክሲዮሞች በስብስብ ቲዎሪ ውስጥ የሚነሱ መርሆች ሲሆኑ፣ የሚናገሩት በአብዛኛው ስለ ትንንሾቹ ወሰን የለሽ ብዛቶች ነው፤ ስለ ሪል ቁጥሮች፣ ስለ አሌፍ-1፣ ስለ አሌፍ-2። ቅራኔ እንደማያስከትሉ ለማሳየት ግን ከእነዚህ ብዛቶች እጅግ የራቁ ትልልቅ ካርዲናሎችን መጥራት ግድ ይላል፤ መኖራቸው በተለመዱት የሒሳብ አክሲዮሞች ሊረጋገጥ የማይችል ካርዲናሎችን። ስለ ቅርቡ የሚናገር መርህ ድጋፉን ከሩቅ የሚሻው ለምንድን ነው? የሚሻው ድጋፍስ በትክክል ምን ያህል ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። ሁለተኛው ለደካሞቹ አክሲዮሞች እስከ መጨረሻው ተመልሷል፤ ለብርቱዎቹ ግን በሚታወቀው የታችኛ ወሰንና በሚታወቀው የላይኛ ወሰን መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የኮንቲኑም ጥያቄ

ጌኦርግ ካንቶር በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ ሪል ቁጥሮችን ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ጋር አንድ ለአንድ ማዛመድ እንደማይቻል አረጋገጠ። ወሰን የለሽ ስብስቦች ሁሉ እኩል አለመሆናቸው በዚህ ታወቀ። የመቁጠሪያ ቁጥሮች ብዛት አሌፍ-0 ይባላል፤ ከእሱ ቀጥሎ አሌፍ-1፣ ከዚያ አሌፍ-2 እየተባለ ይቀጥላል። የሪል ቁጥሮች ብዛት ኮንቲኑም ይባላል። ካንቶር በ1878 በመቁጠሪያ ቁጥሮች ብዛትና በኮንቲኑም መካከል ሌላ ብዛት የለም ሲል ገመተ፤ ይህ ማለት ኮንቲኑም አሌፍ-1 ነው ማለት ነው። ዳቪድ ሂልበርት በ1900 በፓሪስ ጉባኤ ካቀረባቸው ጥያቄዎች መጀመሪያ ያስቀመጠው ይህንኑ የኮንቲኑም መላ ምት ነበር።

ኤርንስት ዜርሜሎ በ1908 ያቀረበው፣ በ1922 አብርሃም ፍራንከልና ቶራልፍ ስኮለም ያሟሉት የአክሲዮም ሥርዓት ዛሬ ዜድኤፍሲ ይባላል። በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ሒሳብ ከሞላ ጎደል በሙሉ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሊጻፍ ይችላል። ሥርዓቱ ግን ሁሉን አይወስንም። ኩርት ጎደል በ1931 እንዳሳየው፣ ይህን የመሰለ ሥርዓት ቅራኔ ከሌለበት የራሱን ቅራኔ አልባነት ማረጋገጥ አይችልም። ይኸው ጎደል በ1938 ኤል የተባለውን፣ ስብስቦች ደረጃ በደረጃ በግልጽ ፍቺ ብቻ የሚፈጠሩበትን ሞዴል ሠርቶ የኮንቲኑም መላ ምት በዚያ እውነት መሆኑን አሳየ። ፖል ኮኸን በ1963 ፎርሲንግ የተባለውን ዘዴ ፈጥሮ መላ ምቱ ሐሰት የሚሆንበትን ሞዴል ሠራ፤ በ1966 የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለመበት። ሁለቱ ውጤቶች ሲጣመሩ ዜድኤፍሲ የኮንቲኑምን ጥያቄ ወዲህም ወዲያም አይወስንም። የሚወስን ነገር ከተፈለገ አዲስ አክሲዮም መጨመር ያስፈልጋል። ጎደል በ1947 ባወጣው ጽሑፍ የጠቆመው ወደ ትልልቅ ካርዲናሎች ነበር።

የትልልቅ ካርዲናሎች ተዋረድ

በተዋረዱ ግርጌ የሚገኘው የማይደረስበት ካርዲናል ነው። እንዲህ ያለው ካርዲናል ከአሌፍ-0 ይበልጣል፤ ከሱ ያነሰ የማንኛውም ስብስብ ንኡስ ስብስቦች ሁሉ ተሰብስበው ብዛታቸው እሱ ላይ አይደርስም፤ ከሱ ያነሱ ስብስቦች ከሱ ባነሰ ቁጥር ቢዋሐዱም እሱን አይሞሉም። ካለ፣ ከሱ በታች ያሉት ስብስቦች ብቻቸውን ለዜድኤፍሲ ሞዴል ይሆናሉ። ከጎደል ቲዎረም የተነሳ መኖሩን ዜድኤፍሲ ማረጋገጥ አይችልም ማለት ነው። ፖል ማሎ በ1911 ከዚህ የበረቱትን የማሎ ካርዲናሎች አጠና፤ ከነሱ በላይ ደግሞ በደካማ ኮምፓክት የሚባሉት ይመጣሉ።

ሌላ ዓይነት ከፍታ የሚጀምረው ስታኒስላው ኡላም በ1930 ባቀረበው ሊለካ የሚችል ካርዲናል ነው። የዚህ ካርዲናል ንኡስ ስብስቦች በሙሉ «ትልቅ» እና «ትንሽ» ተብለው ሊከፈሉ ይችላሉ፤ ነጠላ አባሎች ትንሽ ናቸው፣ ከአንድ ስብስብና ከቀሪው አንዱ የግድ ትልቅ ነው፣ ከካርዲናሉ ባነሰ ቁጥር የተዋሐዱ ትንንሾች ትንሽ ሆነው ይቀራሉ። ዳና ስኮት በ1961 ሊለካ የሚችል ካርዲናል ካለ የስብስቦች ዓለም ከጎደል ኤል እንደሚሰፋ አረጋገጠ። ማረጋገጫው የተመሠረተበት ሐሳብ ከዚያ ወዲህ የመስኩ ዋና መሣሪያ ሆኗል፦ የስብስቦችን ዓለም በሙሉ ወደ አንድ ውስጠ ሞዴል የሚያስገባ፣ የአረፍተ ነገሮችን እውነትነት የሚጠብቅ ፈንክሽን፤ ይህ ኤሌመንታሪ ኤምቤዲንግ ይባላል። ካርዲናሉ በፈንክሽኑ ቦታውን የሚለቅ የመጀመሪያው ነጥብ ነው።

ውስጠ ሞዴሉ ለስብስቦች ዓለም በቀረበ መጠን ካርዲናሉ ይበረታል። የተፈለገውን ያህል ረጅም ዝርዝሮችን ሁሉ የሚይዙ ውስጠ ሞዴሎች የሚገኙለት ካርዲናል ሱፐርኮምፓክት ይባላል፤ ሮበርት ሶሎቬይና ዊልያም ራይንሃርት በ1960ዎቹ መጨረሻ ያቀረቡት ነው። ሊለካ በሚችለውና በሱፐርኮምፓክት መካከል ስትሮንግ ካርዲናሎች፣ ከዚያም በ1980ዎቹ በሂዩ ዉዲን የተለዩት የዉዲን ካርዲናሎች ይገኛሉ። ኬኔት ኩነን በ1971 ተዋረዱ ጣሪያ እንዳለው አሳየ፤ ውስጠ ሞዴሉ የስብስቦች ዓለም ራሱ ከሆነ ከምርጫ አክሲዮም ጋር ይቃረናል።

የጎደል ተስፋ ግን ለኮንቲኑም አልሠራም። አዝሪኤል ሌቪና ሶሎቬይ በ1967 እንዳሳዩት፣ አንድ ትልቅ ካርዲናል ካለ ከሱ ያነሰ ፎርሲንግ አያጠፋውም፤ የኮንቲኑም መላ ምት ደግሞ በትንሽ ፎርሲንግ ሊረጋገጥም ሊፈርስም ይችላል። ትልልቅ ካርዲናሎች ስለ ሪል ቁጥሮች ብዙ ቢናገሩም ስንት እንደሆኑ አይናገሩም። የጎደለውን የሚናገሩት የፎርሲንግ አክሲዮሞች ናቸው።

የጥንካሬ መለኪያ

አንድ የአክሲዮም ሥርዓት ቢያንስ የሌላውን ያህል የቅራኔ አልባነት ጥንካሬ አለው የሚባለው፣ የመጀመሪያው ቅራኔ እንደሌለበት ከተወሰደ የሁለተኛው ቅራኔ አልባነት ከዚያ የሚከተል ሲሆን ነው። ንጽጽሩ በትልልቅ ካርዲናሎች ላይ ሲደረግ ሁለት ሥራዎች ያስፈልጋሉ። ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ የቆመው የዓባይ ግድብ ዋና ግድግዳ 145 ሜትር ከፍታ አለው፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ ምን ያህል የጸና መሠረት እንደሚሻ ለማወቅ ጽናቱ በሚታወቅ ዓለት ላይ ሠርቶ መቆሙን ማሳየት አንዱ መንገድ ነው። ይህ ዓለቱ በቂ መሆኑን ይነግራል እንጂ ከዚያ የለሰለሰ እንደማይበቃ አይነግርም። ሁለተኛው መንገድ ከቆመ ግድግዳ ሥር ቆፍሮ የግድ ምን እንዳለ ማየት ነው። በስብስብ ቲዎሪ የመጀመሪያው ሥራ ከትልቅ ካርዲናል ተነስቶ በፎርሲንግ የአክሲዮሙን ሞዴል መሥራት ሲሆን የላይኛውን ወሰን ይሰጣል። ሁለተኛው አክሲዮሙን ይዞ ትልቁን ካርዲናል የያዘ ውስጠ ሞዴል ማግኘት ነው፤ የታችኛውን ወሰን ይሰጣል። ሁለቱ ሲገጥሙ አክሲዮሙና ካርዲናሉ እኩል ጥንካሬ አላቸው ይባላል።

ልኬቱ የተሳካባቸው ጥንታዊ ምሳሌዎች አሉ። ሶሎቬይ በ1970 ከማይደረስበት ካርዲናል ተነስቶ ማንኛውም የሪል ቁጥሮች ስብስብ ርዝመቱ በሌቤግ መለኪያ የሚለካበትን፣ የምርጫ አክሲዮም በሙሉ ኃይሉ የማይሠራበትን ሞዴል አቀረበ። ብዙዎች ካርዲናሉ ለማረጋገጫው ምቾት ብቻ የገባ መስሏቸው ነበር። ሳሃሮን ሼላ በ1984 ያለ እሱ እንደማይቻል አረጋገጠ። ከተለያዩ የሒሳብ ዘርፎች የተነሱ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ መርሆች በዚሁ አንድ ተዋረድ ላይ ቦታቸውን ማግኘታቸው የመስኩ አስገራሚ ግኝት ነው።

ከፎርሲንግ ወደ አክሲዮም

ፎርሲንግ አዲስ ነገር ለመፍጠር በከፊል ሥርዓት ይጠቀማል። የሥርዓቱ እያንዳንዱ አባል ስለሚፈለገው ነገር ከፊል መረጃ ይይዛል፤ ዝቅ ያለው አባል መረጃው የበዛ ነው። ማንኛውም መረጃ ሊሟላ የሚችልበት መስፈርት ጥቅጥቅ ስብስብ ይባላል። እርስ በርስ የማይጋጩ መረጃዎችን የያዘ፣ ጥቅጥቅ ስብስቦችን ሁሉ የሚነካ ፊልተር ሲገኝ የተፈለገው ነገር ተሟልቶ ይወጣል። እንዲህ ያለው ፊልተር በመነሻው ሞዴል ውስጥ ብዙውን ጊዜ የለም፤ ሞዴሉን በማስፋት ይጨመራል።

መስፈርቶቹ በአሌፍ-0 ብቻ የተወሰኑ ከሆኑ ፊልተሩ ሞዴሉን ሳያሰፉ እዚያው ይገኛል፤ መስፈርቶቹን በተራ እያሟሉ መሄድ ነው። የፎርሲንግ አክሲዮም የሚለው ይህ ለአሌፍ-1 መስፈርቶችም ይሁን ነው። የአክሲዮሙ ትርጉም በፎርሲንግ ሊፈጠር የሚችለው ነገር ቀድሞም በስብስቦች ዓለም ውስጥ አለ የሚል ነው። ለማንኛውም ከፊል ሥርዓት ይሁን ቢባል ግን ወዲያው ቅራኔ ይመጣል፤ አሌፍ-1ን ተቆጣሪ የሚያደርግ ሥርዓት አለና፣ አክሲዮሙ ለሱ ከሠራ አሌፍ-1 በእርግጥ ተቆጣሪ ይሆናል። ስለዚህ የሚፈቀዱት ሥርዓቶች በመደብ ይለያሉ፤ መደቡ በሰፋ መጠን አክሲዮሙ ይበረታል።

የመጀመሪያው ዶናልድ ማርቲንና ሶሎቬይ በ1970 ያቀረቡት የማርቲን አክሲዮም ነው። የሚፈቅደው እርስ በርስ የማይታረቁ አባሎቹ ከተቆጣሪ የማይበልጡበትን ሥርዓት ብቻ ነው። የተነሳው ሚካይል ሱስሊን ካቀረበው፣ በ1920 ከታተመ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው የሪል ቁጥሮች መስመር በየትኞቹ የቅደም ተከተል ባሕርያት ተለይቶ እንደሚታወቅ የሚመለከት ነበር። ሶሎቬይና ስታንሊ ቴነንባውም በ1971 ባወጡት ሥራ የሱስሊን ግምት እውነት የሚሆንበትን ሞዴል ሠሩ፤ የማርቲን አክሲዮም ከኮንቲኑም መላ ምት መፍረስ ጋር አብሮ ሊቆም መቻሉም ከዚያው ዘዴ ወጣ። ሼላ በ1974 የኋይትሄድን የአቤላዊ ግሩፖች ጥያቄ ዜድኤፍሲ እንደማይወስነው ያሳየው በአንድ በኩል በጎደል ኤል፣ በሌላ በኩል በማርቲን አክሲዮም ነው። ጥንካሬውን በተመለከተ የማርቲን አክሲዮም ከራሱ ከዜድኤፍሲ አይበልጥም።

ቀጣዩን እርምጃ የከፈተው ሼላ ያዳበረው የፕሮፐር ፎርሲንግ ጽንሰ ሐሳብ ነው። ፕሮፐር ሥርዓት አሌፍ-1ን ሳያፈርስ ከማርቲን አክሲዮም መደብ እጅግ የሰፋ ሥራ ይሠራል። ጄምስ ባውምጋርትነር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ መደብ የተዘጋጀውን የፕሮፐር ፎርሲንግ አክሲዮም፣ በአጭሩ ፒኤፍኤን አቀረበ። ማቲው ፎርማን፣ ሜናኸም ማጊዶርና ሼላ በ1988 ባሳተሙት ሥራ የአሌፍ-1ን ስቴሽነሪ ንኡስ ስብስቦች ለማያጠፋ ሥርዓት ሁሉ የሚሠራውን ማርቲን ማክሲመም አወጡ። ከዚህ መደብ ውጭ ላለ ማንኛውም ሥርዓት መርሁ እንደሚፈርስ ስለሚረጋገጥ፣ ማርቲን ማክሲመም ለአሌፍ-1 መስፈርቶች ሊኖር የሚችለው ሰፊው አክሲዮም ነው።

አክሲዮሞቹ የሚወስኑት

ማርቲን ማክሲመም ኮንቲኑም አሌፍ-2 መሆኑን እንደሚያስገድድ አቅራቢዎቹ ራሳቸው አሳይተዋል። ስቴቮ ቶዶርቼቪችና ቦባን ቬሊችኮቪች ለዚሁ መደምደሚያ ፒኤፍኤ እንደሚበቃ አረጋገጡ። ካንቶር የተወው ጥያቄ በእነዚህ አክሲዮሞች ሥር ግልጽ መልስ አለው፤ መላ ምቱ ሐሰት ነው፣ የሪል ቁጥሮች ብዛትም ከአሌፍ-1 አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ ነው።

ውጤቶቹ ከኮንቲኑም አልፈው ይሄዳሉ። ጀስቲን ሙር በ2006 በፒኤፍኤ ሥር ተቆጣሪ ያልሆነ ማንኛውም ቀጥተኛ ቅደም ተከተል ከአምስት ዓይነቶች ቢያንስ አንዱን በውስጡ እንደሚይዝ አረጋገጠ። ኢልያስ ፋራህ በ2011 የኦፕሬተር አልጀብራ ጥያቄ ወሰነ፦ ከፒኤፍኤ በሚከተል የቶዶርቼቪች የቀለም ክፍፍል መርህ ሥር የካልኪን አልጀብራ ኦቶሞርፊዝሞች ሁሉ ውስጣዊ ናቸው። ክሪስቶፈር ፊሊፕስና ኒክ ዊቨር በ2007 በኮንቲኑም መላ ምት ሥር ተቃራኒውን አሳይተው ነበር። ማቴዮ ቪያሌ በ2006 ፒኤፍኤ የነጠላ ካርዲናሎችን መላ ምት እንደሚያስከትል አረጋገጠ፤ ስለ አሌፍ-1 መስፈርቶች የሚናገር አክሲዮም በትልልቆቹ ነጠላ ካርዲናሎች ላይም ሥርዓት ያስይዛል ማለት ነው።

የላይኛው ወሰን

የማርቲን አክሲዮም ያለ ትልቅ ካርዲናል ሲቆም ለፒኤፍኤ ትልቅ ካርዲናል የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? የአክሲዮም ሞዴል የሚሠራው ፎርሲንግን በተደጋጋሚ በመተግበር ነው፤ በየደረጃው አንድ ሥርዓት ተወስዶ የሚሻው ፊልተር ይጨመራል። ለማርቲን አክሲዮም መጠናቸው ከአሌፍ-1 የማይበልጥ ሥርዓቶችን ማስተናገድ ይበቃል፤ ትልቅ ሥርዓት ቢመጣ መስፈርቶቹን የሚያሟላ ትንሽ ክፍል ተቆርጦ ይወጣለታል፤ ያ ክፍል ከመደቡ አይወጣም። ትንንሾቹን ሥርዓቶች ሁሉ በዝርዝር ይዞ በአሌፍ-2 ርዝመት ማዳረስ ይቻላል።

ፕሮፐር ሥርዓት ግን ተቆርጦ ሲያንስ ፕሮፐርነቱን ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም የፈለገውን ያህል ትልቅ የሆነ ሥርዓት ሁሉ ቦታ ይሻል፤ እነዚህን በሙሉ ዘርዝሮ መጨረስ ደግሞ አይቻልም። ሱፐርኮምፓክት ካርዲናል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሪቻርድ ሌቨር በ1978 ባሳየው መሠረት፣ ሱፐርኮምፓክት ካርዲናል በታች ባሉት ደረጃዎች ላይ እየሄደ ማንኛውንም ስብስብ፣ መጠኑ ምንም ይሁን፣ በአንድ ኤምቤዲንግ አስቀድሞ የሚገምት ፈንክሽን አለው። ባውምጋርትነር ፎርሲንጉን በዚህ ፈንክሽን ምሪት እስከ ካርዲናሉ ድረስ ደጋገመ፤ ሩቁ ሥርዓት በኤምቤዲንጉ በኩል በቅርብ ጥላው ይወከላል። ሥራው ሲያበቃ ሱፐርኮምፓክት የነበረው ካርዲናል በአዲሱ ሞዴል አሌፍ-2 ሆኖ ይገኛል። የአሌፍ-2 ያልተለመደ ባሕርይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ቁመናው ቢያንስም የቀድሞ ማንነቱን ብዙ ይዟል።

ፎርማን፣ ማጊዶርና ሼላ ማርቲን ማክሲመምንም ያገኙት ከሱፐርኮምፓክት ነው። ሼላ በ1987 ማርቲን ማክሲመም ጠበብ ካለው የሰሚፕሮፐር ፎርሲንግ አክሲዮም ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ኢታይ ኒማን በ2014 ፒኤፍኤን በሁለት ዓይነት ሞዴሎች ውሱን ሰንሰለት የሚሠራበትን አዲስ መንገድ አሳየ፤ መነሻው ግን ያው ሱፐርኮምፓክት ነው።

የታችኛው ወሰን

ከታች የሚደረገው ቁፋሮ የሚጀምረው በቀላሉ ነው። ፒኤፍኤ አሌፍ-2 የዛፍ ባሕርይ እንዲኖረው ያደርጋል፤ ቁመቱ አሌፍ-2 ሆኖ እርከኖቹ ሁሉ ከአሌፍ-2 ያነሱ ዛፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ቅርንጫፍ አያጣም። ይህ ባሕርይ ከበደካማ ኮምፓክት ካርዲናል ጋር እኩል ጥንካሬ እንዳለው ዊልያም ሚቸልና ጃክ ሲልቨር አሳይተዋል፤ የሚቸል ሥራ የታተመው በ1972 ነው። ይህ ግን የመጀመሪያው እርከን ብቻ ነው።

ዋናው መሣሪያ ሮናልድ ጄንሰን በ1972 ያቀረበው የካሬ መርህ ነው። መርሁ ለአንድ ካርዲናል ተከታይ እርስ በርስ የሚስማሙ አጫጭር መወጣጫዎች ተመርጠው ሊሰጡ እንደሚችሉ ይናገራል፤ ከዚህ የተነሳ እያንዳንዱ ትንሽ ክፍሉ ደህና ሆኖ ሙሉው የሚበላሽ ነገር መሥራት ይቻላል። በጎደል ኤል ውስጥ መርሁ በየቦታው እውነት ነው። ቶዶርቼቪች በ1984 እንዳረጋገጠው በፒኤፍኤ ሥር ከአሌፍ-1 ጀምሮ በየትም አይሠራም። የጄንሰን የሽፋን ቲዎረም ደግሞ የስብስቦች ዓለም ከኤል ብዙም ካልራቀ የነጠላ ካርዲናሎች ተከታይ በሁለቱም አንድ እንደሚሆን ይናገራል፤ ያኔ የኤል ካሬ ወደ ስብስቦች ዓለም ይሻገራል። ፒኤፍኤ ይህን ስለሚከለክል ዓለም ከኤል እጅግ የራቀ መሆን አለበት።

ይኸው ክርክር ኤል እየሰፋ በሚሄድ አስኳል ሞዴል ሲተካ ይደገማል። አስኳል ሞዴሉ ሊለካ የሚችል ካርዲናልን፣ ከዚያ ስትሮንግን፣ ከዚያ የዉዲን ካርዲናሎችን የመያዝ አቅም ሲያገኝ የታችኛው ወሰንም አብሮ ከፍ ይላል። ጆን ስቲል በ2005 ባሳተመው ሥራ ፒኤፍኤ የወሳኝነት አክሲዮምን (በመቁጠሪያ ቁጥሮች በሚደረግ ወሰን የለሽ ጨዋታ ከሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የማሸነፊያ ስልት አለው የሚለውን) ሪል ቁጥሮችን ይዞ በሚሠራው ትንሹ ውስጠ ሞዴል ላይ እውነት እንደሚያደርግ አረጋገጠ። ዉዲን የዚህ መርህ ጥንካሬ ከማያልቁ የዉዲን ካርዲናሎች ጋር እኩል መሆኑን ቀድሞ አሳይቷል። በ2009 ጄንሰን፣ ኧርነስት ሺመርሊንግ፣ ራልፍ ሺንድለርና ስቲል ወሰኑን ከዚያ አሻገሩት። ግሪጎር ሳርግስያንና ናም ትራንግ ደግሞ ከፒኤፍኤ የወሳኝነት አክሲዮም ብርቱ ቅርጽ የሆነው «ትልቁ የሱስሊን አክሲዮም» እውነት የሚሆንበትን ሞዴል አወጡ። የዚህ መርህ ጥንካሬ የዉዲን ካርዲናሎች ወሰን ከሆነ አንድ የዉዲን ካርዲናል በታች ነው።

ወሰኖቹ የተገናኙባቸው

አክሲዮሞቹ ሲቀነሱ ልኬቱ ይጠራል። የተገደበው ፒኤፍኤ መስፈርቶቹ በአሌፍ-1 አማራጮች ብቻ እንዲገለጹ ይጠይቃል። ማርቲን ጎልድስተርንና ሼላ በ1995 ጥንካሬው ከአንጸባራቂ ካርዲናል ጋር እኩል መሆኑን አረጋገጡ፤ ይህ ከማይደረስበት ከፍ፣ ከማሎ ዝቅ ያለ ነው። ሙር በ2005 ይህ ደካማ ቅርጽ እንኳ ኮንቲኑምን አሌፍ-2 እንደሚያደርግ አሳየ። ኮንቲኑምን መወሰን በራሱ ውድ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። የተገደበው ማርቲን ማክሲመም ግን በጣም ይለያል፤ ሺንድለር ስትሮንግ ካርዲናል ያለው ውስጠ ሞዴል እንደሚያስከትል አሳይቷል።

ከማርቲን ማክሲመም መዘዞች አንዱ በአሌፍ-1 ላይ ያሉት ስቴሽነሪ ያልሆኑ ስብስቦች መደብ ሙሉ ጥጋብ እንዳለው ነው፤ የሚለያዩ ስቴሽነሪ ስብስቦች በአሌፍ-2 ብዛት ሊደረደሩ አይችሉም። የዚህ መዘዝ የላይኛ ወሰን በመጀመሪያ ሱፐርኮምፓክት ነበር፤ ሼላ ወደ አንድ የዉዲን ካርዲናል አወረደው። ስቲል የታችኛውን ወሰን ሊለካ ከሚችል ካርዲናል ጋር በማጣመር አገኘ፤ ጄንሰንና ስቲል በ2013 ያንን ተጨማሪ ግምት አስወገዱ። ልኬቱ በትክክል አንድ የዉዲን ካርዲናል ሆነ። የሙር አምስት ዓይነቶችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው፤ የመጀመሪያው ማረጋገጫ ቢያንስ የማያልቁ የዉዲን ካርዲናሎችን ይጠቀም ነበር፣ በ2008 በርንሃርድ ኮኒግ፣ ፖል ላርሰን፣ ሙርና ቬሊችኮቪች ከማሎ ካርዲናል በታች አወረዱት። አንድ መዘዝ ከብርቱ አክሲዮም መውጣቱ ራሱ ብርቱ መሆኑን አያሳይም።

ያልተዘጋው ክፍተት

ለሙሉው ፒኤፍኤ የላይኛው ወሰን ሱፐርኮምፓክት፣ የሚታወቀው የታችኛ ወሰን ደግሞ የዉዲን ካርዲናሎች ወሰን ከሆነ የዉዲን ካርዲናል በታች ነው። ክፍተቱ የመጣው ከታች በኩል ካለው መሣሪያ ነው። ውስጠ ሞዴል ለመሥራት ግንባታው በየደረጃው ሲደጋገም እንደማይፈርስ መረጋገጥ አለበት፤ ይህ የድግግሞሽ ችግር ይባላል። ኒማን በ2002 የደረሰው የዉዲን ካርዲናሎች ወሰን የሆነ የዉዲን ካርዲናል እስካለበት አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ እስከ ሱፐርኮምፓክት የሚዘልቅ፣ በዜድኤፍሲ ላይ ብቻ የቆመ የውስጠ ሞዴል ቲዎሪ የለም።

ያም ሆኖ ትክክለኛው ልኬት ሱፐርኮምፓክት መሆኑን የሚያመለክት ብርቱ ምልክት አለ። ቪያሌና ክሪስቶፍ ቫይስ በ2011 ባሳተሙት ሥራ ፒኤፍኤ ለአሌፍ-2 የሱፐርኮምፓክትን ጥምር ባሕርይ እንደሚሰጥ አሳዩ። ከዚህ የተነሳ ፒኤፍኤን በሚታወቁት ዘዴዎች ከማይደረስበት ካርዲናል ለመሥራት የሚሞክር ሁሉ ካርዲናሉ ቢያንስ በብርቱ ኮምፓክት (ከሱፐርኮምፓክትነት የሚከተል ባሕርይ ያለው) ሆኖ ይገኛል፤ ፎርሲንጉ ራሱ ፕሮፐር ከሆነ ሱፐርኮምፓክት ካልሆነ አይሆንም። ይህ የላይኛው ወሰን በሚታወቁት ዘዴዎች እንደማይወርድ ይናገራል፤ ገና ያልታሰበ ዘዴን ግን አይከለክልም። በብርቱ ኮምፓክትና በሱፐርኮምፓክት መካከል የጥንካሬ ልዩነት መኖር አለመኖሩም ራሱ አልተወሰነም። ማርቲን ማክሲመም ከፒኤፍኤ በጥንካሬ ይበልጥ እንደሆነም እንዲሁ።

ከጥንካሬ ወደ ምርጫ

ዉዲን በ1990ዎቹ «ኮከብ» የሚባል ሌላ አክሲዮም አቀረበ፤ የአሌፍ-1 ንኡስ ስብስቦች ዓለም ከወሳኝነት ሞዴል በአንድ ልዩ ፎርሲንግ የሚገኝ ነው ይላል። ኮንቲኑምን አሌፍ-2 ያደርጋል፤ ጥንካሬውም በትክክል የማያልቁ የዉዲን ካርዲናሎች ነው። ከማርቲን ማክሲመም ጋር ለዓመታት እንደ ተፎካካሪ ሲታይ ቆየ። ዴቪድ አስፔሮና ሺንድለር በ2021 የማርቲን ማክሲመም ከፍተኛ ቅርጽ «ኮከብን» እንደሚያስከትል አረጋገጡ፤ ሁለት መንገዶች ወደ አንድ መልስ አመሩ። ዉዲን በበኩሉ «የመጨረሻው ኤል» በሚል የሚያራምደው ፕሮግራም ሱፐርኮምፓክትን የሚይዝ ውስጠ ሞዴል ላይ ያነጣጠረ ነው፤ የሚመራው አክሲዮም የኮንቲኑም መላ ምት እውነት ነው ይላል።

ሁለቱ ወገኖች በኮንቲኑም ላይ ቢለያዩም የሚፈልጉት መሣሪያ አንድ ነው። እስከ ሱፐርኮምፓክት የሚደርስ ውስጠ ሞዴል ከተገኘ ለ«የመጨረሻው ኤል» መሠረት ይሆናል፤ ለፒኤፍኤና ለማርቲን ማክሲመም ደግሞ የጎደለውን የታችኛ ወሰን ለመስጠት ያስችላል። የፎርሲንግ አክሲዮሞች ጥንካሬ ጥያቄ የሚዘጋውም ሆነ አዲስ መልክ የሚይዘው በድግግሞሽ ችግር መፍትሔ ነው።